የሚንቀሳቀስ ቅንጣት የሞገድ ርዝመት፦ ስሌቱ ከሞመንተም ይጀምራል

የተከበራችሁ የፊዚክስ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ርዕስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ሊያልቅ የሚችል ነው፤ የሚንቀሳቀስ ቅንጣት የሞገድ ርዝመት የሚገኘው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለቅንጣቱ ሞመንተም ሲካፈል ነው። የፕላንክ ቋሚ ቁጥር 6.626 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ነው፤ ሞመንተም ደግሞ ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት እጅግ ዝቅተኛ ለሆነ ነገር መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። ቀመሩን በቃል ያልያዘ የፊዚክስ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ቀመሩን ከያዙት መካከል ብዙዎቹ ጥያቄው በትንሹ ተለወጥ ሲል መንገዱ ይጠፋባቸዋል፤ ምክንያቱ የሒሳብ ድክመት ሳይሆን፣ የሞገድ ርዝመት ከፍጥነትም ከኢነርጂም በፊት ከሞመንተም ጋር የተሳሰረ መሆኑ በወጉ ስለማይነገራቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጊዜዬን በአብዛኛው በዚሁ ነጥብ ላይ አሳልፋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንድ ጥያቄ እናንሣ። በ54 ቮልት የተፋጠነ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው? ለዚህ ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ በተደጋጋሚ የሚጻፉ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች አሉ፤ ሁለቱም የሚመጡት በራሳቸው ትክክለኛ ከሆኑ ቀመሮች በመሆኑ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። የመጀመሪያው መልስ 23 ናኖሜትር ነው። ተማሪው የፎቶንን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣትን፣ የሞገድ ርዝመት በናኖሜትር ለማግኘት 1,240ን በኤሌክትሮን ቮልት ለተለካ ኢነርጂ ማካፈል እንደሚበቃ ተምሯል፤ ስለዚህ 1,240ን ለ54 ያካፍላል። ሁለተኛው መልስ 0.334 ናኖሜትር ነው። ይህኛው ተማሪ የኤሌክትሮኑን የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ለፕላንክ ቋሚ ቁጥር አካፍሎ ድግግሞሽ ያገኛል፤ ቀጥሎም ማንኛውም ሞገድ ፍጥነቱ የድግግሞሹና የሞገድ ርዝመቱ ብዜት ነው የሚለውን በማስታወስ የኤሌክትሮኑን ፍጥነት ለዚያ ድግግሞሽ ያካፍላል። ትክክለኛው መልስ 0.167 ናኖሜትር ነው። የመጀመሪያው ከዚህ 138 ጊዜ ገደማ ይበልጣል፤ ሁለተኛው ልክ እጥፉ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ምንጩ ቀላል ነው። መጠነ ቁስ የሌለው ፎቶን ኢነርጂው ሞመንተሙ በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ፣ በሞመንተም ማካፈልም ሆነ በኢነርጂ አካፍሎ በብርሃን ፍጥነት ማባዛት ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል። መጠነ ቁስ ላለው ቅንጣት ግን ይህ ዝምድና የለም። የሁለተኛው ስሕተት ምንጭ ይበልጥ የተሰወረ ነው፤ እሱን ለመረዳት ቀመሩ ወደተወለደበት ቦታ መሄድ ያስፈልጋል።

ሉዊ ደ ብሮይ በ1892 በፈረንሳይ፣ በዲየፕ ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ ያጠናው ታሪክ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአይፍል ማማ በነበረው የወታደር ራዲዮ ጣቢያ አገልግሏል። ታላቅ ወንድሙ ሞሪስ የራሱ የኤክስ ሬይ ቤተ ሙከራ የነበረው የፊዚክስ ተመራማሪ ስለነበረ፣ ሉዊ ከጦርነቱ በኋላ ኤክስ ሬይ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሞገድ፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ ቅንጣት የሚሆንበትን እንቆቅልሽ ከቅርብ ለማየት በቃ። አይንስታይን በ1905 ብርሃን በተወሰነ መጠን የተከፋፈለ ኢነርጂ እንደሚሸከም ካቀረበ በኋላ፣ በ1923 አርተር ኮምፕተን ኤክስ ሬይ ከኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ ሞመንተም እንደሚያስተላልፍ በልኬት አሳየ። ደ ብሮይ ጥያቄውን ወደ ሌላው ወገን አዞረው፤ ሞገድ ነው የተባለው ብርሃን የቅንጣት ጠባይ ካለው፣ ቅንጣት ነው የተባለው ኤሌክትሮን የሞገድ ጠባይ ሊኖረው አይችልምን?

ይህ ጥያቄ የማይረሳ ቢሆንም፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው። ቆሞ ያለ ቅንጣት በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት መጠነ ቁሱ በብርሃን ፍጥነት ስኩዌር የተባዛ ኢነርጂ አለው። ያንን ኢነርጂ ለፕላንክ ቋሚ ቁጥር ካካፈልነው ድግግሞሽ እናገኛለን፤ ስለዚህ ቅንጣቱ በውስጡ የራሱ የሆነ ንዝረት እንዳለው አድርገን ልናስብ እንችላለን። አሁን ቅንጣቱ ይንቀሳቀስ። ኢነርጂው ስለጨመረ ድግግሞሹ መጨመር አለበት። በሌላ በኩል ግን ያው የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ የሚንቀሳቀስ ሰዓት እንደሚዘገይ ይናገራል፤ ስለዚህ የቅንጣቱ የውስጥ ንዝረት ለእኛ ቀንሶ መታየት አለበት። አንድ ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ ጨምሮም ቀንሶም ሊገኝ አይችልም።

ደ ብሮይ ያገኘው መፍትሔ ሁለቱ ድግግሞሾች የሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው። የቀነሰው የቅንጣቱ የውስጥ ንዝረት ነው፤ የጨመረው ቅንጣቱን አጅቦ የሚሄደው ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ጫፎቹ፣ ማለትም ከፍ ብለው የሚታዩት ነጥቦቹ፣ የብርሃን ፍጥነት ስኩዌር ለቅንጣቱ ፍጥነት ተካፍሎ በሚገኝ ፍጥነት የሚጓዙ ከሆነ፣ ቅንጣቱ ባለበት ቦታ ላይ የውስጥ ንዝረቱና ሞገዱ ምንጊዜም እኩል እንደሚራመዱ በሒሳብ አሳየ። ከዚህ በኋላ የሞገድ ርዝመቱን ማግኘት የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ የሞገዱን ፍጥነት ለሞገዱ ድግግሞሽ ስናካፍል የብርሃን ፍጥነት ስኩዌር ከላይም ከታችም ይሰረዝና የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለሞመንተም ተካፍሎ ይቀራል። ሞመንተሙም አንጻራዊነትን ያካተተው ሙሉው ሞመንተም ነው፤ ቀመሩ ከመነሻው ለፈጣን ቅንጣቶች ጭምር የሚሠራ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ተማሪ የሳተው እዚህ ላይ ነው። የሞገዱ ጫፎች የሚጓዙበት ፍጥነትና ቅንጣቱ የሚጓዝበት ፍጥነት አንድ አይደሉም። በ54 ቮልት የተፋጠነው ኤሌክትሮን በሰከንድ 4.36 ሚሊዮን ሜትር ይጓዛል፤ ይህ ከብርሃን ፍጥነት 1.45 ከመቶው ነው። በደ ብሮይ አሠራር የሞገዱ ጫፎች ግን ከብርሃን 69 ጊዜ ገደማ የፈጠነ ጉዞ ይጓዛሉ። ይህ ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ይሁን እንጂ አንድ ጫፍ ብቻውን ኢነርጂም ሆነ መልእክት ስለማይሸከም የአንጻራዊነትን ሕግ አይጥስም። የሚታየው ቅንጣት ብዙ ተቀራራቢ ሞገዶች ተደራርበው የሚፈጥሩት ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ በቅንጣቱ ፍጥነት ይሄዳል። እንግዲህ የቅንጣቱን ፍጥነት ወስዶ ለድግግሞሽ ማካፈል የጥቅሉን ፍጥነት ከጫፎቹ ድግግሞሽ ጋር መቀላቀል ነው። መምህራን ይህንን ልዩነት ሳያሳዩ ቀመሩን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲያልፉ ተማሪው በገዛ ራሱ አስቦ ወደ ስሕተት ይሄዳል፤ ማሰቡ ደግሞ ሊወቀስበት አይገባም።

ደ ብሮይ ሐሳቡን በ1923 በአጫጭር ጽሑፎች ካሳተመ በኋላ በኅዳር 1924 በፓሪስ የዶክትሬት ጽሑፉ አድርጎ አቀረበው። ከፈታኞቹ አንዱ የነበረው ፖል ላንዠቨን ጽሑፉን ለአይንስታይን ላከለት፤ አይንስታይንም ትልቅ ነገር እንደተገኘ ወዲያውኑ ተረዳ። በፈተናው ላይ ዣን ፔሪን ይህ ሞገድ በሙከራ ሊታይ ይችል እንደሆነ ጠይቆት ነበር። ደ ብሮይ የመለሰው፣ ኤሌክትሮኖች ከክሪስታል ላይ ሲበተኑ ኤክስ ሬይ የሚያሳየውን ዓይነት የዲፍራክሽን፣ ማለትም ሞገድ ክፍተት ሲገጥመው የመታጠፍና የመሰራጨት፣ ውጤት ማሳየት አለባቸው ብሎ ነው።

ለምን ክሪስታል? መልሱ ከስሌቱ ይወጣል፤ የ54 ቮልቱን ኤሌክትሮን ደረጃ በደረጃ እንሥራው። ኢነርጂው 54 ኤሌክትሮን ቮልት ማለት 8.65 × 10⁻¹⁸ ጁል ነው። ሞመንተሙን ለማግኘት ይህንን ኢነርጂ በኤሌክትሮኑ መጠነ ቁስ፣ ማለትም በ9.11 × 10⁻³¹ ኪሎግራም፣ እንዲሁም በሁለት እናባዛና ስኩዌር ሩቱን እንወስዳለን፤ 3.97 × 10⁻²⁴ ኪሎግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። 6.626 × 10⁻³⁴ን ለዚህ ስናካፍል 1.67 × 10⁻¹⁰ ሜትር፣ ማለትም 0.167 ናኖሜትር እናገኛለን። በጠጣር ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ባሉ አቶሞች መካከል ያለው ርቀት ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሞገድ የሞገድነት ጠባዩን ጎልቶ የሚያሳየው ከርዝመቱ ጋር የሚመጣጠን ክፍተት ሲገጥመው ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው መሣሪያ ክሪስታል ነበር።

ማረጋገጫው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በኒውዮርክ በቤል ቤተ ሙከራ ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ጀርመር ኤሌክትሮኖችን በኒኬል ላይ እየወረወሩ አበታተናቸውን ያጠኑ ነበር። በ1925 የፈሳሽ አየር ጠርሙስ ፈንድቶ የመስታወት ቱቦውን ሰበረ፤ አየር የገባበት የጋለው ኒኬል ኦክሳይድ ለበሰ። ያንን ለማስወገድ ኒኬሉን አብዝተው ሲያግሉት ቀድሞ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች የነበሩት ብረት ጥቂት ትልልቅ ክሪስታሎች ወደመሆን ተለወጠ፤ የኤሌክትሮኖቹ አበታተንም ፈጽሞ ሌላ መልክ ያዘ። ዴቪሰን በ1926 በኦክስፎርድ በተደረገ ስብሰባ ላይ ማክስ ቦርን የእሱን የራሱን ውጤት የደ ብሮይ ሞገድ ምልክት አድርጎ ሲጠቅስ ሰማ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም ከጀርመር ጋር በአንድ ነጠላ የኒኬል ክሪስታል ፍለጋውን ገፋበት። በ1927 ያገኙት ውጤት ይህ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በ54 ቮልት ተፋጥነው ኒኬሉን ቀጥ ብለው ሲመቱ፣ በ50 ዲግሪ አንግል ላይ ጎልቶ የሚታይ ብዛት ተገኘ። በኒኬሉ ገጽ ላይ የአቶሞቹ ረድፎች በ0.215 ናኖሜትር ይራራቃሉ፤ ይህንን በ50 ዲግሪ ሳይን፣ በ0.766፣ ስናባዛው 0.165 ናኖሜትር ይሆናል። ከኤሌክትሮን ሞመንተም ተነሥተን ያገኘነው 0.167 ነበር። አንዱ ቁጥር የመጣው ከቮልት መለኪያ፣ ሌላው ከአንግል መለኪያና ከኒኬል አቀማመጥ ነው፤ ልዩነታቸው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ፣ በአበርዲን፣ ጆርጅ ቶምሰን ኤሌክትሮኖችን በስስ ንጣፍ ውስጥ አሳልፎ የቀለበት ምስል አገኘ። ደ ብሮይ በ1929፣ ዴቪሰንና ቶምሰን በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የጆርጅ ቶምሰን አባት ጆሴፍ ቶምሰን ኤሌክትሮንን እንደ ቅንጣት ያገኘው ሳይንቲስት መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

ወደ ስሌቱ ልመለስ። የተለያዩ ቅንጣቶችን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ የሞመንተም ቀዳሚነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሞገድ ርዝመታቸው 0.18 ናኖሜትር የሆኑ ሦስት ነገሮች እንፈልግ። ፎቶን ከሆነ ኢነርጂው 6,900 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያለው ኤክስ ሬይ ነው። ኤሌክትሮን ከሆነ 46 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃዋል። ኒውትሮን ከሆነ 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው፤ ይህም በክፍል ሙቀት ያለ ኒውትሮን ኢነርጂ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 2,200 ሜትር ነው። ኢነርጂያቸው በመቶ ሺዎች እጥፍ ይራራቃል፤ ፍጥነታቸውም እንደዚሁ። ሞመንተማቸው ግን አንድ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ክሪስታል ላይ ቢወድቁ በተመሳሳይ አንግል ይታጠፋሉ። የኒውትሮን ኢነርጂ ይህን ያህል ዝቅተኛ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በጠጣር ነገር ውስጥ አቶሞች ከሚንቀጠቀጡበት ኢነርጂ ጋር ስለሚቀራረብ፣ አቶሞቹ የት እንዳሉና እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በአንድነት ለማጥናት ያስችላል። በርትራም ብሮክሃውስና ክሊፎርድ ሻል ለዚህ ሥራ በ1994 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ቮልቱ ከፍ ሲል ከላይ የሠራንበት የስኩዌር ሩት መንገድ መዛባት ይጀምራል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ 100,000 ቮልት የተለመደ ነው። በቀላሉ መንገድ ስናሰላ 3.88 ፒኮሜትር፣ ማለትም 0.00388 ናኖሜትር፣ እናገኛለን፤ ትክክለኛው ግን 3.70 ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ 5 ይጠጋል። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ እኔ ለተማሪዎቼ የምመክረው ሁሉንም በኤሌክትሮን ቮልት መሥራትን ነው። የኤሌክትሮን የዕረፍት ኢነርጂ 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂውን 100 እንያዝ፤ በእሱ ላይ የ511ን እጥፍ፣ 1,022ን ስንደምር 1,122 ይሆናል፤ ይህን በ100 አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 335 ይመጣል። ይህ ሞመንተሙ በብርሃን ፍጥነት የተባዛ ነው። አሁን 1,240ን ለ335,000 ማካፈል ይቻላል፤ መልሱ 0.0037 ናኖሜትር ነው። የመጀመሪያው ተማሪ የተጠቀመበት 1,240 እዚህ ላይ በትክክለኛ ቦታው ገባ፤ የጎደለው ቁጥሩ ሳይሆን ከሥሩ የሚቀመጠው ነገር ነበር። ለ54 ቮልትም በዚሁ መንገድ ብትሠሩ ያው 0.167 ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ መልመድ ለሚፈልግ ሰው የምመርጥለት ይህንን ነው።

ማይክሮስኮፑን ካነሣሁ አይቀር፣ ኤርንስት ሩስካ በ1931 በበርሊን ከማክስ ክኖል ጋር የመጀመሪያውን ሲሠራ ስለ ደ ብሮይ ሞገድ ገና አልሰማም ነበር። በኋላ ሲሰማ መጀመሪያ ቅር እንዳለው በ1986 ባቀረበው የኖቤል ንግግሩ ገልጿል፤ የብርሃን ማይክሮስኮፕን የገደበው የሞገድ ርዝመት ኤሌክትሮንንም ተከትሎ የመጣ መስሎት ነበር። ቀመሩን ይዞ ሲያሰላ ግን ተጽናና፤ የኤሌክትሮኑ ሞገድ ከብርሃን ሞገድ በመቶ ሺህ እጥፍ ገደማ ያጠረ ነበርና። እኛም ከላይ ያገኘነውን 3.7 ፒኮሜትር ከአረንጓዴ ብርሃን 550 ናኖሜትር ጋር ብናነጻጽር 150,000 እጥፍ ያህል እናገኛለን። የማይክሮስኮፑ ጥራት ይህን ያህል አለመሻሻሉ ከሌንሶቹ ጉድለት የመጣ ነው።

አሁን ዘወትር የሚነሣውን ጥያቄ ልንካ፤ ሁሉም የሚንቀሳቀስ ነገር ሞገድ ካለው የእግር ኳስ ሞገድ የት አለ? 0.43 ኪሎግራም የሚመዝን ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ሲጓዝ ሞመንተሙ 8.6 ነው፤ የሞገድ ርዝመቱም 7.7 × 10⁻³⁵ ሜትር ይሆናል። ይህ ከፕሮቶን ሬዲየስ አሥር ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለውን ሞገድ የሚያጥፍ ክፍተት በየትም አይገኝም። ኳሱን በማቆም የሞገዱን ርዝመት ማስረዘም አይቻልም ወይ የሚል ተማሪ ቢመጣ ጥያቄው ጥሩ ነው። የሞገድ ርዝመት በተመልካቹ ላይም ይወሰናል፤ ከቅንጣቱ ጋር እኩል ለሚጓዝ ተመልካች ሞመንተሙ ዜሮ ስለሆነ ርዝመቱ ወሰን የለውም። ሆኖም የቢሊዮን ቢሊዮን አቶሞች ክምችት በሙቀት እየተንቀጠቀጠ፣ ከአየርና ከብርሃን ጋር ያለማቋረጥ እየተጋጨ ሳለ፣ እንደ አንድ ነገር ፍጹም ቆሟል ሊባል አይችልም።

የሞገድ ርዝመት የቅንጣቱ ስፋት ነው ብለው የሚያስቡም አሉ። ይህንን አስተሳሰብ የሚያፈርሰው በ1999 በቪየና ዩኒቨርሲቲ ማርኩስ አርንት፣ አንቶን ሳይሊንገርና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ሙከራ ነው። ስድሳ የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ የተያያዙበትን ሞለኪውል በምድጃ አትንነው፣ ቀዳዳዎቹ በ100 ናኖሜትር በሚራራቁ ስስ ወንፊት ውስጥ አሳለፉት። ሞለኪውሉ 720 የአቶሚክ መጠነ ቁስ አሃድ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 220 ሜትር ገደማ ነበር። ሞመንተሙ 2.63 × 10⁻²² ይሆናል፤ የሞገድ ርዝመቱ ደግሞ 2.5 ፒኮሜትር ነው። ሞለኪውሉ ራሱ 0.7 ናኖሜትር ያህል ስፋት ስላለው ከገዛ ራሱ የሞገድ ርዝመት 280 ጊዜ ይበልጣል። ያም ሆኖ ከወንፊቱ ማዶ የኢንተርፈረንስ፣ ማለትም የሞገዶች መደራረብ፣ ምልክት በግልጽ ታየ።

ምልክቱ የሚፈጠረው ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ነው እንዳይባል፣ በ1989 አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ በጃፓን ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ እየለቀቁ አሳይተዋል። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በማያ ገጹ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ይተዋል፤ ነጥቦቹ በሺዎች ሲጠራቀሙ ግን በሞገድ ርዝመቱ የተወሰነ ርቀት ያላቸው መስመሮች ይወጣሉ።

በ2019 የቪየናዎቹ ተመራማሪዎች ከ25,000 አሃድ በላይ መጠነ ቁስ ያላቸውንና ወደ 2,000 የሚጠጉ አቶሞችን የያዙ ሞለኪውሎች በዚሁ ዓይነት መንገድ ፈትነው የሞገድ ጠባያቸውን አዩ። እዚያ ላይ የሞገድ ርዝመቱ እስከ 53 ፌምቶሜትር፣ ማለትም 0.053 ፒኮሜትር፣ ድረስ ወርዷል፤ ከአንድ ሃይድሮጅን አቶም በሺህ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ከዚህ ወደ ከበደ ነገር መሄድ የሚፈልግ ተመራማሪ ፊቱ የሚደቀነው ያው ማካፈል ነው፤ መጠነ ቁሱ በእጥፍ ሲጨምር የሞገድ ርዝመቱን እንዳለ ለማቆየት ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ አለበት፤ የዘገየ ሞለኪውል ደግሞ በመንገድ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ በምድር ስበት ወደ ታች ይወርዳል፣ በቱቦው ውስጥ ከቀረ ጥቂት አየር ጋር የመጋጨት ዕድሉም ይጨምራል። በአሁኑ ጊዜ የዚህ ዘርፍ የሙከራ ሥራ በአብዛኛው ሞለኪውሎችን የማቀዝቀዝና የማዘግየት፣ እንዲሁም ከቀድሞው የጠራ ባዶ ቦታ የማዘጋጀት ሥራ ነው።